የጣሪያችሁን ጎርፍ ግቢ ውስጥ አስቀሩት፦ የዝናብ መደብ አሠራር ለጎጃም ቤቶች

ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ውሃ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። ባሕር ዳር ከሆናችሁ በቦዩ አድርጎ ጣና ወይም ዓባይ ይገባል። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ከሆናችሁ ደግሞ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርድና ታች ያለውን ሰው አጥር ይገፋል። ሁላችንም ክረምት ሲገባ ግቢያችንን ለማድረቅ እንቸኩላለን። ውሃው ከበር ከወጣ በኋላ ግን ማን ቤት እንደሚገባ ብዙም አንጠይቅም።

ገበሬው ይህን ነገር ከከተሜው አብልጦ ያውቀዋል። ጤፍ ማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚያስወጣ ትልም ያወጣል። ፈሰሱ የሚያልቅበት ቦታ ቦረቦር እንደሚጀምርም ያውቃል። በዚህ የተነሳ ላይና ታች ያሉ ባለማሳዎች ሽማግሌ ፊት መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ከተማ ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ጣሪያችን፣ ሲሚንቶ ያፈሰስንበት ግቢና ኮብልስቶኑ ነው። ልዩነቱ ሽማግሌ የሚቀመጥ አለመኖሩ ነው።

የዝናብ መደብ ለዚህ ከሚሆኑት መላዎች ሁሉ ርካሹ ይመስለኛል። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ተክል ያለበት ጎድጓዳ መደብ ነው። የጣሪያው ውሃ ይገባበታል፣ ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል። ኩሬ አይደለም። ውሃ የሚያቆር ከሆነ አሠራሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። አሠራሩ በዚህ መልኩ የታወቀው በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ፕሪንስ ጆርጅስ በሚባል አካባቢ በተጀመረ የመኖሪያ ቤቶች ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መመሪያ ተጽፎለታል። ብዙዎቹ ውሃው በ48 ሰዓት ውስጥ ከሰረገ በቂ ነው ይላሉ። እዚህ ግን አይሠራም። ሐምሌ ላይ ዛሬ ከሰዓት የዘነበው ነገም ከሰዓት ይመጣል። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሹ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ለጎጃም ልኩ 24 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው መለኪያ ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ቦታው

ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ግቢውን ዙሩ። ውሃው ከየት ተነስቶ በየት እንደሚወጣ እዩ። ይህን ሳያዩ ወረቀት ላይ መንደፍ ከንቱ ድካም ነው።

መደቡ ከቤቱ ታች፣ ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይሁን። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ወይም አፈሩ ጥቁር ከሆነ 5 ሜትር አድርጉት። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክ ራቁ። በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ካላችሁም ከእሱ ራቁ። ትልቅ ዛፍ ሥር አትቆፍሩ፤ ሥሩን ትጎዳላችሁ። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ የሚወርድ ከሆነ መደቡን ትታችሁ እርከን ሥሩ። እዚያ ላይ የተቆረ ውሃ ዳገቱን ይዞት ሊንሸራተት ይችላል።

የጎረቤት አጥር ሥርም አይሆንም። መደቡ ሞልቶ የሚፈስበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ውሃው በየት እንደሚወጣ አሁኑኑ መታወቅ አለበት። ጥሩ ቆፋሪ ስትቀጥሩ ከሁሉ አስቀድሞ «መውጫው በየት ነው?» ይላችኋል። እንዲህ ካላላችሁ እናንተ ንገሩት።

አፈሩን መፈተሽ

አብዛኛው ሰው ይህንን ይዘለዋል። የብዙ መደቦች ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው።

በጥቅሉ ሲታይ ዳንግላ፣ እንጅባራና ቡሬ አካባቢ ቀይ አፈር ይበዛል። ወደ ቢቸናና ደጀን ስትሄዱ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ሰፊ ቦታ ይይዛል። ባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ ሰፈር በተቀየረ ቁጥር አፈሩም ይለወጣል። የጎረቤት አፈር ለእናንተ ዋስትና አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚመከረው የእጅ ፍተሻ ነው። እፍኝ አፈር አርጥባችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ ታወጡታላችሁ። ጥብጣቡ 5 ሳንቲ ሜትር ሳይበጠስ ከወጣ አፈሩ ሸክላ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም ይባላል። ቀይ አፈራችን ግን ይህን ፍተሻ ያሳስታል። ሸክላነቱ ብዙ ሆኖ ሳለ ትንንሽ እንክብሎች እየሆነ የሚፈረፈር ስለሆነ በመሃሉ ውሃ በደንብ ያልፋል። ስለዚህ ዳኛው ራሱ ውሃው ይሁን።

መደቡ የሚሆንበት ቦታ ላይ ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ዶማው ግድግዳውን አለስልሶ ይለቀዋል፤ የለሰለሰ ግድግዳ ውሃ አያስገባም። በቢላ ወይም በሹል እንጨት ቧጥጡት። በየሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው በትር መሃሉ ላይ ትከሉ። ውሃ ሞልታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ጠብቁ። እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ይስረግ። ሦስተኛው ሙሌት ላይ ሰዓት ያዙ። በየሰዓቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ጻፉ።

የመጀመሪያውን ሙሌት አትመኑ። በተለይ ዋልካ ላይ። ግንቦት ላይ ዋልካ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጣት የሚያስገባ፣ አንዳንዴም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ባልዲ ውሃ ብትደፉበት ወዲያው ይሰወራል። «እንዴት ያለ ውሃ የሚጠጣ አፈር ነው!» ያሰኛል። ሐምሌ ሲገባ ያው አፈር ያብጥና ስንጥቁ ሁሉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጠብታ አያሳልፍም። ስለዚህ ከቻላችሁ ፍተሻውን ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ ውሃ በጠገበ ጊዜ አድርጉ፤ ቁፋሮውን ለቀጣዩ ግንቦት አቆዩት። መጠበቅ ካልቻላችሁ ጉድጓዱን ሁለት ቀን ሙሉ ደጋግማችሁ እየሞላችሁ ከዚያ ለኩ።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደብ መሥራት ትችላላችሁ። ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጥልቀቱን ወደ 10 አውርዱና ስፋቱን ጨምሩ። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ እባካችሁ አትቆፍሩ። የወባ ትንኝ ማርቢያ ነው የምትሠሩት። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብና ቦይ፣ በርሚል ወይም ማጠራቀሚያ ጋን ይሻላል። የቢቸና አካባቢ ገበሬ ጥቁር አፈሩን ከፍ ባለ መደብና በቦይ የሚያርሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጣና ዳር ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ነሐሴ ላይ 1 ሜትር ያህል ቆፍራችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ውሃ ከሥር መንጭቶ ከወለሉ ከፍ ካለ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። መደቡ ከዚያ በታች የሚሰርግበት ቦታ የለውም።

ስንት ካሬ ይበቃል?

ሂሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ነው። 8 በ10 የሆነ ጣሪያ 80 ካሬ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 2,000 ሊትር ውሃ ይሰጣል። ባለ 200 ሊትር በርሚል ቢሆን 10 በርሚል መሆኑ ነው። ይህን ውሃ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው መደብ ለመያዝ 10 ካሬ ይፈልጋል፤ 2 በ5 ሜትር ማለት ነው። ጥልቀቱ 10 ከሆነ 20 ካሬ ይሆናል።

የጣሪያውን ልክ የምትወስዱት በመሬት ላይ ከሚሸፍነው ቦታ ነው እንጂ በቆርቆሮው ተዳፋት ርዝመት አይደለም።

10 ካሬ የለኝም የሚል ብዙ ነው። ችግር የለም። የጣሪያውን አንድ ጎን ብቻ ወደ መደቡ አምጡ፤ መደቡም በግማሽ ይቀንሳል። ከአሸንዳው በታች በርሚል አስቀድማችሁ ከበርሚሉ የሚተርፈውን ወደ መደቡ መልቀቅም ይቻላል። የማልመክረው ስፋቱ ሲያጥር ጥልቀቱን መጨመር ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ስትቆፍሩ ውሃው በ24 ሰዓት አይሰርግም፤ ትንንሽ ልጆች ላለበት ቤትም አደጋ ነው። በ20 ሳንቲ ሜትሩም ቢሆን ገና የሚድህ ሕፃን ካለ ዙሪያውን እጠሩት።

ቁፋሮው

ጊዜው ግንቦት ነው። አንድ ሁለት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ግን ሳይጨቀይ። የጨቀየ አፈር ላይ ስትቆሙ ወለሉን ትጠቀጥቁታላችሁ፤ የተጠቀጠቀ ወለል ደግሞ ውሃ አያሰርግም። ስትቆፍሩም ከዳር ሆናችሁ ቆፍሩ፣ በተቻለ መጠን መሃሉ ላይ አትቁሙ።

ችካል ትከሉና ሲባጎ ወጥሩ። ርዝመቱ ቁልቁለቱን አግድም የያዘ ይሁን፣ ልክ እንደ እርከን። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ልክ መሆን አለበት። ለዚህ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ ከሁሉ ይሻላል። አንዱን ጫፍ አንድ ዳር፣ ሌላውን ሌላ ዳር ትይዛላችሁ፤ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማል። ወለሉ ካዘመመ ውሃው ሁሉ አንድ ጥግ ይተኛል፤ ያ ጥግ ረግረግ፣ የቀረው ደረቅ ይሆናል።

የላይኛውን ጥቁር፣ ለም አፈር ለብቻ ክምሩ። የታችኛውን አፈር ወደ ቁልቁለቱ ጎን አውጥታችሁ ክትር ሥሩበት። ክትሩ ከላይ 30፣ ከሥር 60 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። በ10 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እያደረጋችሁ በእግር ጠቅጥቁት። ወለሉ ላይ የከለከልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ግዴታ ነው።

ከዚያ ወለሉን 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በዶማ አላሉት። የለየለት ብስባሽ ከለሙ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። ብስባሹ ከአምስት እጅ አንዱ ይበቃል። ፍግ ሲበዛ ጥሩ ይመስለናል፣ ነገር ግን ትርፉ ንጥረ ነገር ታጥቦ ይሄዳል። ባሕር ዳር ላይ መድረሻው ጣና ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ የሚወፍረው በእንዲህ ያለው ምግብ ነው። አሸዋ ልጨምር ለምትሉ፦ ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ ማድረግ አፈሩን ያጠነክረዋል። ወይ በብዛት፣ ወይ ጭራሽ አታድርጉ።

መግቢያና መውጫ

ከአሸንዳው የሚወርደውን ቱቦ በድንጋይ በተነጠፈ ትንሽ ቦይ ወደ መደቡ አምጡት። በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይበቃል። ቦዩ መደቡ ላይ ከመድረሱ በፊት 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነች ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር አንጥፉባት። ቅጠሉ፣ አሸዋውና ደለሉ እዚያ ይቀራል፤ በአካፋ ማውጣትም ቀላል ነው። ውሃው መደቡ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የራስ ቅል የሚያህሉ ድንጋዮች ደርድሩ። ካልሆነ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጉድጓድ ይምስበታል።

መጀመሪያ የጣሪያ ውሃ ብቻ አስገቡ። የባዶ ግቢ ወይም የመንገድ ጎርፍ ጭቃ ይዞ ይመጣና በአንድ ክረምት ወለሉን ይደፍነዋል። የልብስ ማጠቢያ ውሃና የመኪና ዘይት ያለበት ጎርፍ በፍጹም አይግባ።

መውጫው የዚህ ሥራ ሁሉ ዋስትና ነው። ክትሩ ላይ፣ መሬቱ በተፈጥሮ ጠንካራ በሆነበት ጎን፣ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ዝቅታ ተዉ። የዝቅታው ከንፈር ከመደቡ ወለል በመረጣችሁት ጥልቀት ልክ፣ 20 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍ ይበል፣ ከክትሩ ራስ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ወለሉንና ውጭውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉበት። ንጣፉ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ድረስ ይሂድ እንጂ መሃል ላይ አይቁም። ከዚያ ነባሩ ቦይ ጋር አገናኙት። መውጫ የሌለው መደብ ክትሩን ራሱ ቀዶ ይወጣል፤ ያኔ አሥር በርሚል ውሃ በአንድ ጊዜ ነው ጎረቤት የሚደርሰው።

ምን ይተከል?

የውጭ መመሪያዎች የሚጠቅሷቸው ተክሎች ለእኛ አይሆኑም። የእኛ ተክል ሁለት ነገር መቻል አለበት፤ ሐምሌና ነሐሴ በየቀኑ ውሃ ውስጥ መቆም፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደግሞ ሳይጠጣ መሰንበት።

ለወለሉ የምመርጠው ቬቲቨር ሳር ነው። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደታች 2 እና 3 ሜትር ይወርዳል፤ ለውሃው መንገድ የሚከፍትለት እሱ ነው። ችግኙን በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። በመሃሉ ካና አበባ ብትጨምሩ ግቢው ያምራል። በጋ ላይ ውሃ የምታጠጡ ከሆነ ቀጤማም ይሆናል። ለበዓል ጉዝጓዝ ገበያ ከመሄድ ያድናችኋል።

ክትሩ ላይ ደሾ ሳር ትከሉ። አፈሩን ይይዛል፣ ለከብቱም መኖ ይሆናል። የመደቡ ዳር ላይ፣ ውሃ የማይተኛበት ከፍታ ላይ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ያምርባቸዋል። ጌሾ፣ ቡናና አቮካዶ ውስጡ አታስገቡ፤ ሥራቸው ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ቦታቸው ከክትሩ ታች ነው። መደቡ የጠጣው ውሃ በከርሰ ምድር እየተንሸራሸረ ይደርሳቸዋል። እኔ ብሆን ከክትሩ ታች ያለውን ቦታ በሙሉ ለጌሾ እሰጠዋለሁ።

ባሕር ዛፍ በጭራሽ። በአዊ በኩል ለከሰል በብዛት ሲተከል የቆየው ዲከረንስ የሚባለው ዛፍም ለዚህ ቦታ አይደለም። ዝሆኔ ሳር ደግሞ በሁለት ክረምት መደቡን ሁሉ ይውጠዋል።

ተከላው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ሦስት ሳምንት ያህል የአሸንዳውን ውሃ ወደ ነባሩ ቦይ መልሱት፤ ችግኙ ሥር ይያዝ። ከዚያ ክፈቱለት። ወለሉ ላይ የጤፍ ጭድ አታንጥፉ፤ ተንሳፍፎ መውጫውን ይዘጋዋል። ጠጠር ወይም ከባድ የእንጨት ፍቅፋቂ ይሻላል። ፍየልና ዶሮ ካላችሁ እስኪጸድቅ ድረስ በእሾህ እጠሩት።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ

ዝናቡ እንዳባራ ውጡና እዩ። ወለሉ ላይ ውሃው እኩል ተኝቷል? መውጫው ላይ ድንጋይ ተነቅሏል? ክትሩ ላይ የሚያለቅስ ቦታ አለ? ያለቀሰውን ወዲያው ጠቅጥቁት። ዝናቡ ያቆመበትን ሰዓት ያዙና በነጋታው በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ውሃ ከቀረ ልኩ ተሳስቷል። የመውጫውን ከንፈር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ የሚተኛውን ውሃ ቀንሱ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ትፈልጋለች። በየቀኑ የሚደርቅ መደብ ላይ አታድግም። ሳይደርቅ የሚሰነብት መደብ ላይ ግን ታድጋለች፤ ባሕር ዳርና ቆላው ላይ ደግሞ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጥቂት ነው። ክረምቱን በየሳምንቱ የጠጠሯን ጉድጓድ ደለል አውጡ፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ አረሙን በእጅ ንቀሉ። ጥቅምት ላይ ቬቲቨሩን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እጨዱት፤ ያጨዳችሁትን ከመደቡ አውጡት። የመጀመሪያውን በጋ ብቻ በሳምንት አንዴ ውሃ አጠጡ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሃው መዘግየት ከጀመረ መደቡን እንደገና መቆፈር አያስፈልግም። የዘጋው ብዙውን ጊዜ ላይ የተኛው ቀጭን ደለል ነው። ግንቦት ላይ፣ ደረቅ እያለ፣ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ፍቃችሁ ከክትሩ ታች ላለው ጌሾ አልብሱት። የተፋቀውን ቦታ በዶማ ጫር ጫር አድርጉና ብስባሽ በተቀላቀለ አፈር ተኩት።